ዓይን የሸጠችው ልጅ

«ልጄ ዓይኔን ሸጠችው» አሉ አባቷ።

ልክየለሽ ከግቢው ቧንቧ የቀዳችውን ውኃ ይዛ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ደርሳ ነበር። ጀሪካኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ቆመች። አባቷ አያ አድማሴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በአከራይዋ በወይዘሮ ፋና በረንዳ፣ የእንጅባራ የጠዋት ብርድ ገና ባልለቀቀው የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ፋና ሽንኩርት እየከተፉ «ኧረ አያ አድማሴ፣ ልክየለሽማ እንዲህ አታደርግም» ይላሉ፤ አባባላቸው ግን የማያምን ሰው ሳይሆን የቀረውን ለመስማት የቸኮለ ሰው አባባል ነበር። «እኔም አታደርግም ብዬ ነበር» አሉ አያ አድማሴ። «ትናንት ወስዳ ለሐኪሞቹ አሳየችኝ። በመብራት አዩኝ፤ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፤ ከዚያ እዚህ ግንባሬ ላይ ምልክት ለጠፉብኝ። የሚታረድ በግ ነው እንዲህ ምልክት የሚደረግበት። ብሌኑን አውጥተው ውጭ አገር ይልኩታል፤ ለእኔ የመስታወት ይከቱልኛል። እሷም ድርሻዋን ትወስዳለች።»

ልክየለሽ አባቷን ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለው መንደራቸው ለማምጣት መነኻሪያው አጠገብ ያለችውን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቋን ዘግታ ሄዳለች፤ በጭቃው ውስጥ ደግፋ እስከ አስፋልቱ አድርሳቸዋለች፤ ሆስፒታሉ ግቢ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፋ ካርድ አውጥታላቸዋለች። በገበያ ቀን የተዘጋ ሱቅ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ያውቀዋል፤ ባልዲና ጆግ ፈልጎ የመጣ የገጠር ሰው ነገ እመለሳለሁ አይልም፣ ከጎረቤት ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ስታደርግ ምስጋና አልጠበቀችም። «ድርሻዋን ትወስዳለች» የሚለው ግን እንደ እሾህ ወጋት።

የአያ አድማሴ ዓይን ሞራ ከለበሰ ሁለት ክረምት አልፎታል። መጀመሪያ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ጀመሩ፤ መንደሩም ኮሩ ብሎ አማቸው። ቀጥሎ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲነሡ የገዛ ፈረሳቸውን ትተው የጎረቤት በቅሎ ለጎሙ፤ ያን ጊዜ መንደሩ ሳቀ። ባለፈው ወር ግን የጠፋች ጊደር ሲፈልጉ ሐይቁ ገደል አፋፍ ላይ ደርሰው፣ ከታች ያለው ውኃ ሰማይ መስሏቸው ሊራመዱ ሲሉ መንገደኛ ደርሶ በጋቢያቸው ጎትቶ መለሳቸው። በዚህ ማንም አልሳቀም። የዓይን ሞራ በነጻ የሚያነሣ የሐኪሞች ቡድን እንጅባራ መጣ ሲባል ልክየለሽ የሮጠችው ለዚህ ነው። የዘመቻው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። ዛሬ ካለፈ ያለው ምርጫ ባሕር ዳር መውረድ ነው፤ በግል ክሊኒክ የሚጠየቀውን ዋጋ ደግሞ ሱቋ ከነዕቃዋ ብትሸጥ አትሸፍነውም።

ጀሪካኑን አንሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ምንም እንዳልሰማ ሰው «እንዴት አደሩ አባዬ፣ ቁርስ ደርሷል፤ ይግቡ» ብላ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የምትኖረው በአንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ከወዲያ አልጋ፣ ከወዲህ የከሰል ምድጃና ሁለት ዱካ፤ ጥጉን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቦታ ያጡ ሳፋዎች እስከ ኮርኒሱ ተደራርበው ይዘውታል። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችላቸው። ዘይት እንደገና መጨመሩን፣ ሽንኩርት የሚበላው ሀብታም ብቻ ሊሆን መሆኑን አወራቻቸው። አያ አድማሴ «እም» እያሉ ድንቹን በጣታቸው ዳብሰው ይልጣሉ። ወሬው አለቀ። ትናንት ሆስፒታል ነርስ ከቀኝ ዓይናቸው በላይ የለጠፈችው ነጭ ፕላስተር የለም፤ በቦታው ቀይ ሰንበር ብቻ ቀርቷል።

«ፕላስተሩን ማን አነሣው አባዬ?»

«እኔ። አልሄድም።»

«የሚሠራው ዓይን እንዳይሳሳትባቸው እኮ ነው ምልክት ያደረጉት።»

«እሱማ እንዳይሳሳቱ ነው» አሉ አባቷ፤ ያመነችላቸው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩን የሚያከብደው አያ አድማሴ ሞኝ አለመሆናቸው ነበር። ልጅ ሳሉ ሜዳው ላይ ባለሦስት እግር መነጽር ተክለው የሚለኩ ሰዎች መጥተው ነበር፤ «ለካርታ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ «መሬታችንን ሊወስዱ ነው» ሲሉ ፊደል የቆጠሩት ሳቁባቸው። በሁለተኛው ዓመት የመንደሩ ግጦሽ በአጥር ተከበበ። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ በየለቅሶ ቤቱ ይተረካል፤ አያ አድማሴም ሲተርኩት ድምፃቸው ይወፍራል። የልጆች ክትባት ሲመጣ ግን «ማምከኛ ነው» ተብሎ ልክየለሽን ጎተራ ኋላ ደብቀዋት፣ ኩፍኝ ይዟት ሞት አፋፍ ደርሳ መመለሷን፣ የተከተቡት የጎረቤት ሴቶች ልጆች ደግሞ ሁሉም ወልደው መሳማቸውን ማንም አይተርክም። እውነት ሆኖ የተገኘ ጥርጣሬ የልጅ ልጅ ያያል፤ ሐሰት የሆነው ቀባሪም የለው። አዮዲን ያለው ጨው ሲመጣም፣ የቤት ቆጠራ ሲመጣም፣ ኮረብታው ላይ የስልክ ምሰሶ ሲተከልም እንዲሁ ነበር። ልክየለሽ ራሷስ ብትሆን? በኮሮና ጊዜ «በሽታውን የሚያስይዘው ምርመራው ነው» ሲባል እውነት መስሏት ሳል እያጣደፋት ጤና ጣቢያ ደጃፍ አልደረሰችም። ያመነችው አላዋቂ ሆና አልነበረም። ፈርታ ነበር፤ የነገረቻት ደግሞ የምትወዳት ጓደኛዋ ነበረች።

«እሺ አባዬ፣ ዓይን ይሸጣሉ ብሎ የነገረዎ ማን ነው?»

«የነገረኝ የለም። ራሴ ገጣጥሜ ነው የደረስኩበት።» የያዙትን ድንች ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። «ወንድምሽ ይኸነውስ የት ነው?»

ልክየለሽ አዋዜ የምትጨምርበት ማንኪያ እጇ ላይ ቀረ።

«ወርቅ ሊቆፍር ቆላ ወረደ አላችሁኝ። ኔትወርክ የለም አላችሁኝ። እሺ አልኩ። ዓመት ሆነ፣ ኔትወርክ የለም። ሌላ ዓመት ሆነ፣ የለም። እዚያው ቆላ ያለው የጎረቤታችን የአዝመራው ልጅ ግን በየሳምንቱ ለእናቱ ይደውላል። ኔትወርኩ ለኔ ልጅ ብቻ ነው የጠፋው? ስጠይቅሽ ድምፅሽ ይለወጣል። የታወረው ዓይኔ ነው እንጅ ጆሮዬ አልደነቆረም። በረሓ የሚወርዱ ልጆችን ኩላሊት እያወጡ ይሸጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አንችም ታውቂያለሽ፤ ዝም በይ ተብለሻል። የሱን ወሰዱ፤ አሁን የኔ ተራ ነው።»

ይኸነው ቆላ አልወረደም። ታናሽ ወንድሟ ያለው በሚኒባስ ግማሽ ቀን በማይፈጅ መንገድ ጫግኒ ነው፤ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ካገኛት ሚልካ ከምትባል ልጅ ጋር ተጋብቶ የእሷን ቸርች ተከትሏል። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ጥሊሊ ለሚኖሩት ለአባታቸው እኅት ለእትዬ እናትነሽ ነበር። ያን ጊዜ እናታቸው ከተቀበሩ ገና አርባቸው አልወጣም ነበር። «ይህን ከሰማ ወይ ይሞታል፣ ወይ ልጁን ይረግመዋል» ብለው የወርቅ ቁፋሮውን የፈጠሩት እትዬ እናትነሽ ናቸው። ለጥቂት ወር ነበር የታሰበው። ግን ውሸት እንደ ከብት ነው፣ በየቀኑ ይቀለባል፤ ለፋሲካ ከይኸነው ሰላምታ መጣ ማለት፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ መንገደኛ አየው ማለት የልክየለሽ ሥራ ሆነ። አሁን አባቷን ስታያቸው፣ የገጣጠሙት ነገር ሁሉ ስሕተት ቢሆንም የተነሡበት ትክክል እንደሆነ ገባት። የሚደብቁኝ ነገር አለ ብለዋል፤ አለ። ልጄ ታውቃለች ብለዋል፤ ታውቃለች። ቀዳዳውን የከፈቱት ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ባገኙት ነገር ደፈኑት።

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች።

አስፋልቱ ዳር የከሰል ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፤ ባጃጆች በመካከላቸው እየተሹለከለኩ «መነኻሪያ፣ መነኻሪያ» ይላሉ። አንድ የመብራት ምሰሶ ተደግፋ መጀመሪያ ጥሊሊ ደወለች። እትዬ እናትነሽ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ጮኹባት። «አንች ልጅ አብደሻል? ዛሬ ይነገረዋል? በግድም ቢሆን ወስደሽ አሠሪው!»

«ዓይን በግድ አይሠራም እትዬ።»

«እንግዲያ ሌላ ነገር ንገሪው። ከቆላ ወጥቶ ኩዌት ሄደ በይው።»

ልክየለሽ ስልኩን ዘጋችባቸው። በትልቅ ሰው ላይ ስልክ ስትዘጋ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች።

«ይኸነው፣ አባዬ ኩላሊትህን ያወጡብህ ይመስላቸዋል።»

ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። «ሞቷል ብለው ነው የሚያስቡት?»

«እንደዚያ ይመስለኛል።»

ከኋላው ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች ይጯጯሃሉ። ቆይቶ «እኔ እኮ ተቆጥተውብኝ ነው ብዬ ነው የኖርኩት» አለ። «እትዬ እናትነሽ፣ አባትህ ሁሉን ሰምቷል፣ ስሙ በቤቴ እንዳይነሣ ብሏል አሉኝ። ካልጠራኝ አትምጣ ብሏል አሉኝ። አንችም ስለሳቸው አንሥተሽልኝ አታውቂም።»

ልክየለሽ ይህን አልሰማችም ነበር። እትዬ እናትነሽ በሁለቱም በኩል በር ዘግተው ቁልፉን ይዘውት ኖረዋል፤ በክፋት ሳይሆን ጠብ እንዳያዩ ብለው። «ና» አለችው። «አሁኑኑ ና። ዛሬ ካልታከሙ አበቃ።»

ወንድሟ እስኪደርስ ሆስፒታል ሄደች። የተራ ካርዱን የምትቀበለው ነርስ ሕይወት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድካም ያጠቆራት ልጅ ነች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካመጣሻቸው እሺ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ይታሸጋል» አለቻት። ግቢው በጋቢና በነጠላ ሞልቷል። በትናንትናው ዕለት የታከሙ አንዲት አሮጊት ዓይናቸው ተፈትቶላቸው ዛፍ ሥር ቆመው ያላፊ አግዳሚውን የልብስ ቀለም ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ «አንተ አረንጓዴ፣ አንች ባለ ቀዩ!» ሰው በእልልታ ያጅባቸዋል። ከልክየለሽ አጠገብ የተቀመጠ ጎልማሳ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ከፍለዋቸው ነው» አላት። ማን እንደከፈላቸው አልጠየቀችውም። የሱንም ቀዳዳ ማን እንደከፈተው አሰበች።

ይኸነው ከሚኒባሱ ሲወርድ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ወፍሯል፤ ልብሱ ላይ የበቆሎ አቧራ አለ። ልክየለሽ ከመነኻሪያው ተቀብላ ወደ ቤት ይዛው ሄደች። የወይዘሮ ፋና ግቢ በር ላይ ሲደርስ ቆመና «አንች ቅደሚ» አላት፤ እምቢ ብላ በጀርባው ገፋችው።

አያ አድማሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ማነው?»

ይኸነው ደጃፉን አልፎ ገባ። «እኔ ነኝ አባዬ» አለ።

አልጮሁም፣ አልተነሡም። «ቅረብ» አሉ። ሲንበረከክላቸው ፊቱን ዳበሱት፤ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን። ከዚያ ሹራቡን ወደ ላይ ገልበው ሁለቱን እጆቻቸውን ጎንና ጎኑ ላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች አደረጉ። ልክየለሽ መጀመሪያ ምን እንደሚሠሩ አልገባትም። ስፌት እየፈለጉ ነበር። ጣቶቻቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሄዱ፤ ወገቡን ጫን ጫን አደረጉት።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«አልቀደዱህም?»

«ማንም አልነካኝም አባዬ። ጫግኒ ነበርኩ።»

«ጫግኒ?» አሉ ስሟን ሰምተው እንደማያውቋት ሩቅ አገር። በጉብዝናቸው ጊዜ እህል ጭነው ስንት ጊዜ ተመላልሰውባታል። ይኸነው እዚያው እንደተንበረከከ ሁሉን ነገራቸው፤ ስለ ሚልካ፣ ስለ ቸርቹ፣ እትዬ እናትነሽ ስላሉት። ልክየለሽም «እኔም አውቅ ነበር አባዬ» አለች። ከውጭ የወይዘሮ ፋና ቢላዋ መክተፊያው ላይ መንኳኳቱን አቁሟል።

«ለዚህ ነው?» አሉ አያ አድማሴ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ባለፈው ሰኔ ለቄሱ የክርስትና ስምህን ሰጥቼ ከሙታን ጋር አስጠርቼሃለሁ። ብቻዬን። ለማንም አልተናገርኩም። ለቅሶ ልቀመጥልህ እንኳ አልቻልኩም፤ ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። ሌት ተቀን ማን ገደለው እያልኩ ሳስብ ነው የኖርኩት። ለካ ጫግኒ ነህ?»

ይኸነው ራሱን ጉልበታቸው ላይ ጣለ። ልክየለሽ ፊቷን ወደ ሳፋዎቹ አዞረች። ርግማን ይመጣል ብላ ትጠብቅ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ሁሉም የፈሩት ቃል አሁን ይወጣል ብላ። የመጣው የአባቷ እጅ ነው፤ የይኸነውን ፀጉር ጨብጦ እንደ በግ ጠጉር ነቀነቀው።

«የሃይማኖቱን ነገር አልወደድኩልህም» አሉ። «ዛሬም አልወድልህ፣ ነገም አልወድልህ። እንጨቃጨቅበታለን። ዕድሜ ይስጠን እንጅ ገና እንጨቃጨቅበታለን። ከሞተ ልጅ ጋር መጨቃጨቅ ግን የለም።» ከዚያ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም መሐሉ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር እየገባ ትንፋሽ አሳጣቸው። ካረፉ በኋላ በእጃቸው መሬቱን ዳበሱ።

«ጫማዬን። ስንት ሰዓት ሆነ?»

በረንዳው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና «ፋና፣ ዓይኔን ልሸጥ እየሄድኩ ነው፤ ዋጋ ካልተስማማን እመለሳለሁ» አሏቸው። ወይዘሮ ፋና «ይቅናዎ» አሉ። ባጃጁ ውስጥ አያ አድማሴ በልጆቻቸው መካከል ተቀመጡ። ለልክየለሽ ይቅርታ አላሏትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም። ብቻ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር የሚይዙት የሷን ክንድ ነበር፤ ከወረዱም በኋላ አለቀቁትም።

ጥርጣሬያቸው ሁሉ በአንድ ከሰዓት አልጠፋም። ነርስ ሕይወት አዲስ ፕላስተር ስትለጥፍባቸው «ያወጣችሁትን ለልጄ ታሳዩታላችሁ» አሏት። ይኸነው የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ካልቆመ አልገባም አሉ። ነርሷ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አየችና «እሺ አባቴ፣ በመስኮቱ ያያል። የሚወጣው ሞራው ነው፤ አሳየዋለሁ» አለቻቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ትናንት ማንም እንዳልነገራቸው ልክየለሽ አሰበች፤ እሷም ጭምር።

ልክየለሽ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወርዶ ቦታው ሲመለስ ተሰማት፤ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰቅሎ እንደኖረ እግዜር ይወቅ። ረኃብም መጣባት፤ የጠዋቱን ድንች አልቀመሰችውም ነበር። ግቢው በር ላይ ከምትሸጥ ሴት ዳቦ ገዝታ ቆማ በላች፤ ሌላ ገዛች። ስትመለስ አባቷ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በይኸነው ተደግፈው እየወጡ ነው። ሁለተኛውን ዳቦ ሰጠቻቸው። ሦስቱም ወንበሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ነርሷ ነገ ጠዋት ይፈታል፣ እስከዚያ ውኃ እንዳይነካው ብላ ሄደች።

አያ አድማሴ ዳቦውን እያኘኩ ወደ ይኸነው ዞሩ።

«ሚስትህ ማን አልከኝ?»

«ሚልካ።»

«አገውኛ ታውቃለች?»

«ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ታስቃለች።»

«ወልዳችኋል?»

ይኸነው እኅቱን አየ። ይህን እሷም ብትሆን ልትነግራቸው አልደፈረችም ነበር። «አንዲት ሴት ልጅ አለችን አባዬ። ሁለት ዓመቷ ነው። ኦሪት ትባላለች።»

ዳቦው አፋቸው ደጃፍ ላይ ቆመ። «ኦሪት» አሉ። «ኦሪት? ስሙን ማን አወጣው?»

«ሚልካ።»

«ኦሪት» አሉ እንደገና፤ ቃሉን እንደ ማር አጣጣሙት። «እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ስም ነው እኮ። አየህ፣ እግዜር ሲፈልግ በማያውቁት አፍ ያናግራል።» ይኸነው ሊመልስ አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ጭቅጭቁን ነገ እንጀምራለን። አሁን ለሚስትህ ደውልላት። ልጅቱን ይዛ በመጀመሪያው መኪና ትምጣ። ይህ ጨርቅ ሲነሣ ፊት ለፊቴ እንድትቆም የምፈልጋት ኦሪትን ነው። አንተንና ይህችን አውቃችኋለሁ፣ አታመልጡኝም፤ ያችን ግን አይቻት አላውቅም።»

ይኸነው ስልኩን አወጣ። ልክየለሽ የአባቷን ክንድ እንደያዘች፣ ጫግኒ ያለው ስልክ ሲጠራ ትሰማ ነበር።